ኮምፒውተሬ ሌሊት ብቻውን ይበራል

እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ጨዋነት ልሰብክ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ለስብከት የሚያበቃ ታሪክ የለኝም፤ ለብዙ ዓመታት ጀማሪ ጠያቂን ከሚሳደቡት ወገን ነበርኩ። የዛሬውን ንግግር ርዕስ ያገኘሁትም ከራሴ ጥፋት ነው።

የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎችና አፍቃሪዎች በሚሰባሰቡበት አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ፣ ከዓመታት በፊት፣ አንድ ሰው እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ኮምፒውተሬ ሌሊት ብቻውን ይበራል። ክዳኑን ዘግቼው ነው የምተኛው፤ ሌሊት ግን ማራገቢያው ሲጮህ እሰማለሁ። ሰው ገብቶበት ይሆን?» ስሙ ለቤቱ አዲስ ነበር። ከዚያ በፊት አንድም ነገር ጽፎ አያውቅም።

መልሱ ጎረፈለት። አንዱ «ሰይጣን ሰፍሮበታል» አለው። ሌላው ሶኬቱን ነቅሎ ኮምፒውተሩን እንዲሸጠው መከረው። ሦስተኛው መፈለጊያ ሳጥን የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አስታወሰው። እኔ ደግሞ፣ በጊዜው እጅግ የተራቀቀ ቀልድ መስሎኝ፣ «አንተ ስትተኛ እሱ ሥራ እየፈለገ ነው፤ ካንተ ቀድሞ ይቀጠራል» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ወደደልኝ። ጠያቂው ተመልሶ አልጻፈም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የራሴ ላፕቶፕ ሌሊት ብቻውን በራ።

በጨለማ ውስጥ የማያ ገጹን ብርሃን እያየሁ የተሰማኝን ፍርሃት አልረሳውም። ለደኅንነት ሥራ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ፤ ግን ምን እንደሆነ አላወቅሁም። እየፈለግሁ ስሄድ ዊንዶውስ ለዝማኔና ለጥገና ሥራ ሲል ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ የሚያነቃበት የጊዜ ቀጠሮ እንደሚይዝ ተረዳሁ፤ ስሙ «ማንቂያ ሰዓት ቆጣሪ» ነው። የኔትወርክ ካርዱም ከውጭ በሚደርሰው መልእክት ማሽኑን ሊያነቃ ይችላል። ኮምፒውተሩን በመጨረሻ ያነቃው ምን እንደነበር የሚናገር አንዲት አጭር ትእዛዝም አለች። ጻፍኳት፤ የተለመደው ጥገና ነበር። ተመልሼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ያ ሰው ትዝ አለኝ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ እኛ ግን ሙሉ ገጽ ስንቀልድ አመሸን። ያን ዕለት ከሳቅነው መካከል አንዳችንም መልሱን አናውቀውም ነበር። እኔ እንደማላውቀው እርግጠኛ ነኝ፤ የሌሎቹንም ከመልሳቸው መገመት አይከብድም።

ስለዚህ ለጀማሪ ስለምንሰጠው ክፉ መልስ ስናገር፣ ከዐዋቂነት የሚመነጭ ትዕግሥት ማጣት ነው የሚለውን ማስተባበያ በቀላሉ አልቀበለውም። አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን «አላውቅም» ላለማለት የሚደረግ ጫጫታ ነው። በእኛ ሙያ «አላውቅም» ማለት ይከብዳል። ሰው በእውነተኛ ስሙ በማይታወቅበት፣ ዲግሪም ማዕረግም በማይታይበት መድረክ ላይ ያለው ክብር ዐዋቂ መምሰል ብቻ ነው። ክብሩን ለመጠበቅ ቀላሉ መንገድ ደግሞ የሌላውን አላዋቂነት ከፍ አድርጎ ማሳየት ነው።

አር ቲ ኤፍ ኤም የምትባለውን አራት ፊደል አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። «መመሪያውን አንብብ» ማለት ነው፤ በመሐል አንድ ስድብ ተሰንቅሮባት። ወደ አማርኛ ልመልሳት ስሞክር አንድ ነገር ታዘብኩ። በእንግሊዝኛ ለማን እንደምትነገር አይታወቅም። በአማርኛ ግን አንባቢው አንተ ነው፣ አንቺ ነሽ፣ ወይስ እርስዎ ነዎት የሚለውን ሳይወስኑ አፍ መክፈት አይቻልም። እኔ ሁልጊዜ «አንብብ» ብዬ ነበር የምተረጉማት። «አንብቢ» ወይም «ያንብቡ» ብዬ አስቤ አላውቅም። ከጥያቄው ማዶ ያለው ሰው በልቤ ውስጥ ምንጊዜም ልምድ የሌለው፣ ሰነፍ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ወንድ ልጅ ነበር። የስልሳ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ልትሆን እንደምትችል አንድም ቀን አልታየኝም።

ደግሞስ መመሪያ ለማን ነው የተጻፈው? የሚፈልገውን ነገር ስም ለሚያውቅ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ሌሊት የሚበራበት ሰው «ማንቂያ ሰዓት ቆጣሪ» የሚለውን ስያሜ ቢያውቅማ ኖሮ እኛን ባልጠየቀን። ጀማሪን ጀማሪ የሚያደርገው ቃሉን አለማወቁ ነው፤ እኛ ግን ቃሉን ከመንገር ይልቅ ቃሉ ያለበትን ሺህ ገጽ እናሳየዋለን።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የጠያቂው አለመሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 አልማ ዊተን እና ዳግ ታይገር የተባሉ ተመራማሪዎች ኢሜይል በሚገባ የሚጠቀሙ 12 ሰዎችን ሰብስበው፣ ፒጂፒ 5.0 በተባለው የማመስጠሪያ ፕሮግራም መልእክት ፈርመውና አመስጥረው እንዲልኩ 90 ደቂቃ ሰጧቸው። አብዛኞቹ አልቻሉም። ሦስቱ ጭራሽ ምስጢሩን ሳያመሰጥሩ እንዳለ ላኩት። ተመራማሪዎቹ «ሰዎቹ ደካሞች ናቸው» ብለው አልደመደሙም፤ ፕሮግራሙ ለሰው እንዲሆን ተደርጎ አልተሠራም አሉ። በዚያው ዓመት ከእነዚያ ሰዎች አንዱ መድረካችን ላይ መጥቶ ቢጠይቅ ኖሮ ምን ዓይነት መልስ እናሸክመው እንደነበር ታውቁታላችሁ።

ስድቡ እንኳ ባልከፋ። የባሰ ነገር አለ። ለጀማሪ «ይህን ጻፍ፣ ችግርህ ይፈታል» ተብሎ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠራ ማሽኑን ፋይሎች ሁሉ የሚያጠፋ ትእዛዝ የሚሰጥበት የቆየ ቀልድ አለ። በዊንዶውስ ደግሞ ዊንዶውስ ያለ እሱ የማይሠራውን ሲስተም32 የተባለ ማኅደር እንዲያጠፋ ይመከራል። ቀልዱ እንዲህ መለመዱ ራሱ ያስደንቀኛል። ቀን ቀን ለሠራተኞች «ከማታውቁት ሰው የመጣ ትእዛዝ አትጻፉ፣ የማታውቁትን አባሪ አትክፈቱ» እያልን ሥልጠና እንሰጣለን፤ ማታ ማታ አምኖን የመጣን ሰው በራሱ እጅ ኮምፒውተሩን እናስገድለዋለን። ይህ በሙያችን ቋንቋ ስም አለው፦ በማታለል የሚፈጸም ጥቃት። አጥቂው ባለሙያ፣ ተጠቂው ጀማሪ።

አሁን ሌላውን ወገን ልስማ፤ ክርክሩ ከባድ ነውና። ሙያችን የጥርጣሬ ሙያ ነው። አንድ የማናውቀው ሰው መጥቶ የዋይፋይ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚሰበር ሲጠይቅ፣ የራሱን ራውተር እየፈተሸ ይሁን የጎረቤቱን መስመር ሊሰርቅ አናውቅም። ለሌባ መሣሪያ ማቀበል አንፈልግም። እውነት ነው፤ ለሁሉም ሁሉን አስተምሩ የሚል ሰው እኔም አይደለሁም። ነገር ግን «ስድብ ወንፊት ነው፣ የማይረባውን ያጣራልናል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ወንፊት ከሆነ ዱቄቱን ደፍቶ እንክርዳዱን የሚያስቀር ነው። ዓይን አፋሩ በመጀመሪያው ስድብ ይሄዳል። ሌባ ስድብ አይጎዳውም፤ ሥራ ላይ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ታሪክ ለዚህ የሚሆን ምስክር ልጥራ። ኤክስዜድ የተባለ ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም አለ፤ በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ውስጥ ተቀምጦ ማንም የማያስታውሰው ዓይነት ነው። ለረጅም ጊዜ የያዘው አንድ ሰው ነበር፤ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በትሕትናና በትዕግሥት ማገዝ ጀመረ። በዚያው ሰሞን የማይታወቁ ሌሎች ስሞች ብቅ እያሉ ያን ብቸኛ ሰው ሥራው እንደተጓተተ እየነገሩ ያጨናንቁት ያዙ፤ በኋላ ሲታይ የአንድ ተንኮል ክንዶች ይመስላሉ። እሱም የአእምሮ ጤንነት ችግር እንደገጠመውና ፕሮግራሙ ያልተከፈለበት የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን ጽፎላቸው ነበር። በመጨረሻ ሥልጣኑን ለትሑቱ እንግዳ አካፈለ። እንግዳውም በ2024 መጀመሪያ ላይ በወጡት ቅጂዎች ውስጥ የጀርባ በር፣ ማለትም በስውር ወደ ማሽን የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ቀበረ።

«አየህ፣ አዲስ ሰው ማመን ይህን ያመጣል» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ታሪኩን ገልብጬ አነበዋለሁ። ያ አጥቂ ጀማሪ አልነበረም፤ የትኛውም የብልግና ወንፊት አያስቀረውም ነበር። ብልግናውማ የእሱው መሣሪያ ሆኖ ነው ያገለገለው፤ የደከመን ሰው በማመናጨቅ በሩን አስከፈተ። የጀርባ በሩን ያገኘውስ ማን ነው? አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የዳታቤዝ ፕሮግራም ሠሪ። ከሩቅ ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተዋለ። ምክንያቱን ፈልጎ አገኘና እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ፤ እዚያው ጽሑፉ ላይ እሱ የደኅንነት ተመራማሪ እንዳልሆነ ገልጿል። አንድ ጀማሪ «ማሽኔ ግማሽ ሰከንድ ዘግየት አለብኝ፣ ምን ይሆን?» ብሎ ቢጠይቀን ኖሮ ቀልዳችን ምን ይሆን እንደነበር እያሰብኩ እሸማቀቃለሁ።

ትንሽ ነገር የምታስጨንቀው አዲስ ሰው በታሪካችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ክሊፍ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ የምርምር ገንዘቡ አልቆበት ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተዛወረ። ለአዲስ ሰው የሚሰጥ ተራ ሥራ ሰጡት፦ በኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የጎደለውን 75 ሳንቲም ፈልግ። አሜሪካዊው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ መጀመሪያ ሲነገረው ለ75 ሳንቲም ብሎ ጆሮ አልሰጠውም። ስቶል ግን ክሩን እየሳበ ሄዶ ሄዶ ምዕራብ ጀርመን ደረሰ፤ በሌላኛው ጫፍ የአሜሪካ ወታደራዊ ኮምፒውተሮችን እየበረበረ ለሶቪየቱ የስለላ ድርጅት ለኬጂቢ የሚሸጥ ሰርጎ ገብ ነበር። ልምድ ያለው ባለሙያ ቢሆን ኖሮ 75 ሳንቲሟን የማጠጋጋት ስሕተት ነው ብሎ ያልፋት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

በ2019 ጃንዋሪ ደግሞ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ለመጫወት በአፕል ፌስታይም የቡድን ጥሪ ሲከፍት፣ የተጠራው ሰው ስልኩን ሳያነሳ ድምፁ እንደሚሰማ አስተዋለ። እናቱ ለኩባንያው ለማሳወቅ ከሳምንት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በኢሜይል፣ በፋክስ ሳይቀር ደከሙ። እንደ ፕሮግራም አበልጻጊ መመዝገብ እንዳለባቸውም ተነገራቸው። ወሬው በሌላ መንገድ በዓለም ላይ ሲናኝ ኩባንያው የቡድን ጥሪውን ዘጋ፤ ኋላም ልጁን አመስግኖ ገንዘብ ሸለመው። እዚህ ማንም አልተሳደበም። በሩ ብቻ የተሠራው ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ነበር።

እንግዲህ የተገፋው ጀማሪ ወዴት ይሄዳል? እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ ቅድም ያልኩት ሁሉ ወደዚህ ለመምጣት ነበር።

የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ የተሰረቀበት ሰው በአደባባይ «እርዱኝ» ብሎ ሲጽፍ ታይቷችሁ ያውቃል? በደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣለታል። የእኛው ሰዎች «እንዲህ ያለ ደካማ የይለፍ ቃል ተጠቅመህ ምን ጠበቅህ» ይሉታል። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ «ወንድሜ፣ አይዞህ፣ የእኔም ተሰርቆ ነበር፤ ይህ ሰው አስመልሶልኛል» ብሎ አድራሻ ይሰጠዋል። ያ አድራሻ የአጭበርባሪ ነው፤ ከሰውዬው ገንዘብ ወስዶ ይጠፋል። በዚያ ገጽ ላይ ካሉት መልሶች ሁሉ ጨዋው የሌባው ነው። የተደናገጠ ሰው ደግሞ አይዞህ ያለውን ያምናል።

የወጣቶቹ ነገር ይብሳል። የብሪታንያ ብሔራዊ የወንጀል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2015 በያዛቸው የሳይበር ወንጀል ጉዳዮች የተጠርጣሪዎቹ አማካይ ዕድሜ 17 ዓመት ነበር። በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳዮች 37 ነው። ለብዙዎቹ ልጆች ገንዘብ ዋናው ነገር እንዳልነበረም ሪፖርቱ ይናገራል፤ በጓደኞች ዘንድ መከበር፣ አንድን ከባድ ነገር ሠርቶ ማሳየት ነበር የሚፈልጉት። በጨዋታ ማጭበርበሪያ መድረኮች ይጀምሩና ወደ ወንጀል መድረኮች ያድጋሉ። እነዚያም ቦታዎች ገነት አይደሉም፤ እዚያም ይሳደባሉ። ግን ለጀማሪ የሚሆን ክፍል አላቸው፣ ደረጃ በደረጃ የተጻፈ ትምህርት አላቸው። ድረ ገጽን በጥያቄ ጎርፍ የሚያጨናንቅ ጥቃት የሚያከራዩት ደግሞ የደንበኞች አገልግሎት ሳይቀር አላቸው። ደንበኛ ነሃ፤ ለምን ይሰድቡሃል?

ማርከስ ሃችንስን ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያሽመደምድ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ አንድ ያልተመዘገበ የድረ ገጽ ስም አይቶ በማስመዝገብ ሥርጭቱን ያስቆመ የ22 ዓመት ወጣት ነው። ራሱን በራሱ ያስተማረ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በአሜሪካ ታሰረ፤ በልጅነቱ ባንክ የሚዘርፍ ፕሮግራም ጽፎ ስለነበር። በ2019 ጥፋቱን አምኗል፤ ዳኛውም ከታሰረበት ጊዜ ያለፈ እስራት አልጨመሩበትም። ያ ልጅ ክፉውንም ደጉንም የተማረው በኢንተርኔት መድረኮች ላይ ነው። ማን ቀድሞ እጁን እንደያዘው ቢታወቅ ብዙ ያስተምረን ነበር።

ሰው በጨዋ ቃል ሲነገረው እንደሚሰማ የሚያመለክት ነገርም አለ። ያው የብሪታንያ የወንጀል ኤጀንሲ ከ2017 መጨረሻ እስከ 2018 አጋማሽ የጉግል ማስታወቂያ ገዛ። የኪራይ ጥቃት የሚፈልግ የብሪታንያ ወጣት ፍለጋውን ሲጽፍ፣ ድርጊቱ ወንጀል መሆኑን የሚነግር አጭር ጽሑፍ ይመጣለታል፤ ስድብ የለበትም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኋላ ቁጥሩን ሲያዩ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በአሜሪካ ጥቃቱ እያደገ ሲሄድ በብሪታንያ ግን ባለበት ቆሞ አገኙት። አንድ ማስታወቂያ ያን ያህል ከሠራ፣ እኛ በነጻ የምንጽፈው አንድ አረፍተ ነገር ምን ያህል ይሠራ ይሆን?

አሁን ምን አደርጋለሁ? ብዙም አይደለም። ስሰለች አልመልስም፤ ዝምታ ማንንም አያቆስልም፣ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበትም የለም። ስመልስ ግን በቅድሚያ የነገሩን ስም እነግራለሁ፤ ስሙን ያገኘ ሰው የቀረውን ራሱ ይፈልገዋል። «የእህቴን ፌስቡክ እንዴት ልክፈት?» የሚለኝን፣ ገጹ ከእሷ ከተሰረቀ ማስመለሻው ይህ ነው፣ ካልሆነ ግን አላግዝም እለዋለሁ፤ ይህ መልስ ታማኙን ይረዳል፣ ሌባውን አይጠቅምም። ሰርጎ መግባት መማር የሚፈልገውን «ባንዲት» ወደተባለው ነጻ የኢንተርኔት መለማመጃ እልከዋለሁ። እዚያ ሰብሮ መግባት የተፈቀደ ነው፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ማለትም ወደ ማሽኑ ገብቶ አንድ ፋይል ከማንበብ ይጀምራል። አንዳንዶቹ በሁለተኛው ቀን ይተዉታል። ሌሎቹ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ «ገባሁ!» ብለው ይጽፉልኛል፤ ለምን በዚያ ሰዓት ብቻ እንደሚገባቸው ግን አላውቅም።

ያን የድሮውን ጥያቄ ፈልጌ አገኘሁት። ቀልዴም እዚያው አለ፤ ብዙ ሰው እንደወደደው። አላጠፋሁትም፤ ከሥሩ ግን ትክክለኛውን መልስ ጻፍኩና ለባለቤቱ ይቅርታ ጠየቅሁ። የባለ ጥያቄው ስም ላይ ስጫን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የገባው ጥያቄውን በጠየቀበት ዕለት መሆኑን አየሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ሴት ከሥር መጥታ «አመሰግናለሁ፣ የእኔም እንዲሁ ነበር፤ ተፈታልኝ» ብላ ጻፈች። ቀጥላም ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። መልሱ በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በደማቁ የተጻፈ ነበር። ጻፍኩላት።